አርሴኖፓይራይት ብዬ የጻፍኩት ድንጋይ ኒኬል ሞልቶበት ተገኘ

ሳጥን 41 ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጉጂ በኩል ነው። ኔትወርክ የሚመጣው ማታ ማታ ስለሆነ መልስ ባዘገይ እንዳትቀየሙኝ።

ሥራዬ ኮር ሎግ ማድረግ ነው፤ ከጉድጓድ እንደ ዱላ ተቆርጦ የሚወጣውን ድንጋይ በየሳጥኑ እያየሁ እመዘግባለሁ። ከተመረቅኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ጥያቄዬ የልጅ ጥያቄ ከሆነ ታገሡኝ። የምንቆፍረው ለወርቅ ነው። ጉድጓዱ ከላይ ጀምሮ ጥቁር ሺስት (እንደ ገጽ የሚላጥ ድንጋይ) ለሺስት ይወርድና 112 ሜትር ላይ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መጀመሪያ አራት ሜትር ያህል ጠንካራ ድንጋይ ይመጣል። ኳርትዝና ካርቦኔት ነው፤ በመሃሉ ደማቅ አረንጓዴ ሚካ ተበትኖበታል። ውኃ ሲፈስበት ጎመን የተከተፈበት ነው የሚመስለው። ከዚያ ወዲያ ለስላሳ ይሆናል፤ ታልክና ካርቦኔት፣ እጅ ላይ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፣ በጥፍር ይጫራል። ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴው ሰርፐንቲናይት ይቀጥላል፣ ጉድጓዱ እስኪያልቅ።

ጉዱ ያለው 114 ሜትር ላይ ነው። እዚያ አረንጓዴ ሚካ ያለበት ድንጋይ ውስጥ ብርማ ነጭ ፍሬዎች አሉ። ትንሹ ጤፍ ያክላል፣ ትልቁ ምስር። በመዶሻ ስመታው ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። እኔም ሳላመነታ አርሴኖፓይራይት (የብረት፣ የአርሴኒክና የሰልፈር ማዕድን) ብዬ ሎጉ ላይ ሞላሁና ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፍኩ።

በማግስቱ በእጅ የሚያዘውን ኤክስአርኤፍ (ድንጋይ ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር ስንት እንዳለ በኤክስሬይ የሚለካውን መሣሪያ) ፍሬዎቹ የተሰበሰቡበት ቦታ ላይ ደቀንኩት። አርሴኒክ 2.3 በመቶ፣ ኒኬል 1.9 በመቶ አለኝ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ደገምኩት። ያው ነው። ግማሽ ሜትር ዝቅ ብዬ ፍሬ የሌለበትን ያንኑ ድንጋይ ስለካው ኒኬሉ 0.2 በመቶ ብቻ ሆነ፣ አርሴኒኩ ከነጭራሹ ጠፋ።

ሱፐርቫይዘሬን ጠየቅኩት። «ኒኬሉ ከሰርፐንቲናይቱ ነው፣ አርሴኒኩ ከአርሴኖፓይራይቱ ነው። ጎረቤት ስለሆኑ አብረው ተነበቡ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ጎረቤት ከሆኑ ፍሬው በሌለበት ኒኬሉ ለምን ወደቀ?

አንድ ነገር ልጨምር። ከዓመታት በፊት ሌሎች ቆፍረው ሜዳ ላይ ጥለውት የሄዱት ኮር አለ፣ ዝናብም ፀሐይም ሲፈራረቅበት የኖረ። ተመሳሳዩ ድንጋይ እዚያም አለ፤ ስንጥቁ ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ወጥቶበታል። ማላካይት መስሎኝ ነበር፣ ግን መዳብ የለበትም።

ማወቅ የምፈልገው ይሄ ፍሬ ምን እንደሆነ፣ ኒኬልና አርሴኒክስ እንዴት እንደተገናኙ ነው። ደግሞ ይጠቅማል ወይስ ዝም ብዬ ልለፈው?

—

የማታ ሪግ፦

ፔንትላንዳይት ነው፣ የኒኬል፣ የብረትና የሰልፈር ማዕድን። አልትራማፊክ (እንደ ሰርፐንቲናይቱ ያለ ማግኒዚየም የበዛበት ድንጋይ) ውስጥ ኒኬል ካለ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አትጨነቂ፣ ኤክስአርኤፍ ደግሞ ሁልጊዜ ይዋሻል።

—

የድሮ መዶሻ፦

የማታ ሪግ ወንድሜ፣ ፔንትላንዳይት ነሐስማ ቢጫ ነው፤ እሷ ብርማ ነጭ ነው እያለችህ። ቢላዋም በቀላሉ ይጭረዋል። አርሴኒክስ ከየት አመጣህለት?

ልጄ፣ ሱፐርቫይዘርሽ ግማሹን ልክ ነው። ኒኬሉ መነሻው ሰርፐንቲናይቱ ነው። ኒኬሉና አርሴኒኩ ግን ጎረቤት አይደሉም፣ ተጋብተዋል። አንድ ፍሬ ውስጥ ናቸው። ፍሬው በሌለበት ሁለቱም የወደቁት ለዚህ ነው፤ ያንን ግማሽ ሜትር ዝቅ ብለሽ መለካትሽ የጥያቄሽን ግማሽ መልሶታል።

አሁን የሱቅ ሂሳብ እንሥራ። 0.2ቱ የድንጋዩ የራሱ ኒኬል ነው እንበል። ከ1.9 ላይ ቀንሺው፣ 1.7 ይቀራል። ለ2.3 አካፍዪው፣ 0.74 ነው። ገርስዶርፋይት የሚባል ማዕድን አለ፤ አንድ ኒኬል፣ አንድ አርሴኒክ፣ አንድ ሰልፈር። ንጹሑ 35.4 በመቶ ኒኬልና 45.2 በመቶ አርሴኒክ አለው። ሲካፈል 0.78 ይመጣል። ያንቺ ትንሽ ዝቅ ያለው ኮባልትና ብረት ከኒኬሉ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ ሊሆን ይችላል። ገርስዶርፋይት፣ ኮባልታይትና አርሴኖፓይራይት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ኒኬል፣ አንዱ ኮባልት፣ አንዱ ብረት ይዟል፣ አርሴኒክና ሰልፈሩ የጋራ ነው። ብርማ መልክም የቤተሰቡ ነው። ሽታውም እንደዚያው። ነጭ ሽንኩርቱ የነገረሽ አርሴኒክ መኖሩን ብቻ ነው፣ ከማን ጋር እንዳለ አልነገረሽም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኒኬሊን የሚባለውም አንድ ኒኬል ላንድ አርሴኒክ ነው፤ የጎደለው ሰልፈሩ ነው። ስለዚህ በማካፈል ከገርስዶርፋይት አይለይም፣ ያው 0.78 ነው። የሚለየው ዓይንሽ ነው። ኒኬሊን አዲስ ስብራቱ ላይ ፈዛዛ የመዳብ ቀለም፣ ወደ ሮዝ የሚሄድ ነው። ትልቁን ፍሬ ስበሪና በማጉያው መሃሉን እዪው።

መሣሪያሽን በተመለከተ፦ ኤክስአርኤፍ አይዋሽም፣ ግን ይደናገራል። እርሳስ ሲኖር ከአርሴኒክ ጋር ይምታታበታል፣ ዋናዎቹ መስመሮቻቸው ተደራርበው ነው የሚነበቡት። እርሳሱ ኢምንት ከሆነ እመኚው። ብረት በበዛበት ድንጋይ ኮባልት ሲልሽ ግን አትመኚው፣ ላቦራቶሪ ይለካው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከሥሩ ልጀምር።

ኒኬሉ የቤት ልጅ ነው። ሰርፐንቲናይትሽ ሰርፐንቲናይት ከመሆኑ በፊት ከማንትል፣ ከምድር ቅርፊት በታች ካለው ክፍል፣ የመጣ ድንጋይ ነበር፣ አብዛኛው ኦሊቪን የሚባል ማዕድን። ኦሊቪን ውስጥ በብዛት ያለው ማግኒዚየም ነው። ኒኬል በመጠኑ ከማግኒዚየም ጋር ስለሚቀራረብ በየቦታው ገብቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ወደ 2000 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 2000 እጅ) ኒኬል ይዞ ነው የሚወለደው። ያነበብሽው 0.2 በመቶ እሱ ነው። ኒኬል ተገኘ ብሎ የሚደሰትበት ሰው የለም፤ በየቅንጣቱ ተበትኖ ተቀምጧል፣ ማንም አያወጣውም።

ከዚያ ውኃ ገባ። ከ200 እስከ 350 ዲግሪ ባለው ሙቀት ኦሊቪን ውኃ ጠጥቶ ሰርፐንቲን ይሆናል። ብረቱ ከውኃው ኦክስጅን ነጥቆ ማግኔታይት ይሠራል፣ ሃይድሮጅኑ ለብቻው ይለቀቃል። በዚህ ሰዓት ድንጋዩ ውስጥ ኦክስጅንም ሰልፈርም የተራበ ነገር ነው ያለው። የኒኬሉ ትልቁ ድርሻ ሰርፐንቲኑ ውስጥ ይገባል፤ የቀረው ሂዝልውዳይት የሚባል ሰልፈሩ ያነሰ ሰልፋይድ ይሠራል፣ ሰልፈሩ ከነጭራሹ ሲጠፋም አዋሩአይት የሚባል የኒኬልና የብረት ቅይጥ ይሆናል። በዓይን አታዪውም፣ በማጉያም ዕድለኛ ከሆንሽ ነው።

ቀጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የያዘ ትኩስ ፈሳሽ መጣ። ዋናው ግርግር እዚህ ነው። ሰርፐንቲኑ መጀመሪያ ታልክና ማግኔዛይት (የማግኒዚየም ካርቦኔት) ይሆናል፤ ያ ሳሙናሽ ነው። ፈሳሹ ከበዛ ታልኩም ይፈርስና ኳርትዝና ማግኔዛይት ብቻ ይቀራል፤ ያ ጠንካራው ነው። ሊስትቬናይት ይሉታል፣ ስሙ የመጣው ከኡራል ተራሮች ነው፣ ከወርቅ ሠፈር። አሁን ኒኬሉን አስቢው። ኳርትዝ አያስገባውም። ማግኔዛይት ጥቂት ቢያስገባ ነው። ለዘመናት ሲኖርበት የነበረው ቤት ፈርሶበት ሜዳ ላይ ቀረ። ሃይድሮጅኑም በዚህ ጊዜ ስለሚሟጠጥ ሰልፈር ቀና ማለት ይጀምራል።

አርሴኒኩ ግን እንግዳ ነው። የማንትል ድንጋይ አርሴኒክ የለውም ማለት ይቻላል። ከየት መጣ? ላይሽ ላይ ያለውን ጥቁር ሺስት እዪው። የጥንት የባሕር ጭቃ ነው፣ ውስጡ ፓይራይት (የብረትና የሰልፈር ማዕድን) አለ፣ ፓይራይቱ ደግሞ አርሴኒክ ይደብቃል። እንዲህ ያለ ድንጋይ ወደ ጥልቁ ወርዶ ሙቀቱ 500 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፓይራይቱ ሰልፈሩ ወዳነሰው ወደ ፒሮታይት ይለወጥና የያዘውን ይተፋል፤ ሰልፈሩንም፣ አርሴኒኩንም፣ ወርቁንም። ውኃው ተሸክሟቸው በስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል። አርሴኒክ ለመጓዝ ሰልፈርም ክሎሪንም አይፈልግም፣ ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ሆኖ ውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። ለዚህ ነው ሩቅ የሚሄደው።

ማስረጃው ደግሞ እጅሽ ላይ አለ፤ ያ ጎመን ያልሽው ሚካ። ፉክሳይት ነው። አረንጓዴ ያደረገው ክሮም ነው፣ ክሮሙ የቤት ነው፣ ከክሮማይቱ። ሚካ ለመሆን ግን ፖታሲየም ያስፈልገዋል፣ ፖታሲየም ደግሞ ማንትል ድንጋይ ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል የለም። ከውጭ ነው የመጣው። እኔ እንደምገምተው ፖታሲየሙን ያመጣው ፈሳሽ ራሱ ነው አርሴኒኩንም ያመጣው። አረንጓዴው ባለበት ፍሬው አለ ያልሽኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ቤት ያጣ ኒኬልና ከሩቅ የመጣ አርሴኒክ ድንበሩ ላይ ተገናኙ። ምን እንደሚወለድ የሚወስነው ሰልፈሩ ነው። ሰልፈር ካነሰ ኒኬሊን ይሆናል። ሰልፈር ከጨመረ ገርስዶርፋይት። አርሴኒኩ አልቆ ሰልፈሩ ከቀረ ደግሞ ሚለራይት ይመጣል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ነሐስ የመሰለ ቢጫ መርፌ ነው፣ ካርቦኔት ስንጥቅ ውስጥ ፈልጊው። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ባንድ ፍሬ ላይ ይጻፋል። የቀደመው መሃል ላይ ይቀራል፣ የኋለኛው ከዳር ጀምሮ እየበላው ይመጣል። አሮጌው እዚያው ሲሟሟ አዲሱ እዚያው ይተከላል፣ ቅርጹ ሳይለወጥ።

አረንጓዴ ዱቄቱ ማላካይት አይደለም፣ አናበርጋይት ይመስለኛል። ገርስዶርፋይትና ኒኬሊን ዝናብና አየር ሲያገኛቸው የሚያወጡት ሻጋታ በይው። ኮባልት ቢሆን ኖሮ ሮዝ ነበር የሚሆነው።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ፣ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። በወጣትነቴ ወለጋ ዩብዶ ሠርቻለሁ፣ ፕላቲኑሙ ጋ። እዚያም የተለወጠ ዱናይት (ከሞላ ጎደል ኦሊቪን ብቻ የሆነ ድንጋይ) አለ፣ ግን አለዋወጡ ሌላ ነው፤ ሲሊካ ውጦት ቡናማና ጠንካራ ሆኗል። ቢርቢራይት ይባላል፣ በቢርቢር ወንዝ ስም። የዓለም ጂኦሎጂስት ሁሉ ይህን ስም ያውቀዋል፣ የኛ ተማሪ ግን የጣሊያን ቃል ይመስለዋል። መምህሮቻችሁ ካልነገሯችሁ እኔ ነግሬአችኋለሁ።

ያንቺን የሚመስል ትልቅ ቦታ ማየት ከፈለግሽ ሞሮኮ ቡ አዜር የሚባል አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ኮባልት ያወጡበታል። ማዕድኑ ያለው በሰርፐንቲናይቱ ጠርዝ ላይ ነው፣ ከኳርትዝ ዳዮራይት ጋር በሚገናኝበት፤ ከካርቦኔትና ከኳርትዝ ጋር የአርሴኒክ ማዕድን ተቆልሎበታል። ኒኬሊንም ገርስዶርፋይትም እዚያ አሉ። የእነሱ ሰርፐንቲናይትና የእኛ የአዶላው (ያንቺው የጉጂው) የአንድ ትልቅ ዘመን ልጆች ናቸው፣ ፓን አፍሪካን የምንለው። ይህ ማለት ግን ጉጂ ላይ ቡ አዜር አለ ማለት አይደለም! እንዳትጽፊው።

ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ እንደ ኒኬል አይጠቅምም። አርሴኒክ ያለበትን ማዕድን ማቅለጫዎች አይወዱትም፣ ዋጋ ይቀንሱበታል። አዶላ አካባቢ ኒኬል ሲባል ሰው የሚያስበውም የበሰበሰውን ቀይ አፈር ነው፣ ይሄን አይደለም። እንደ ምልክት ግን ትልቅ ነው። ሊስትቬናይት በብዙ አገር ከወርቅ ጋር አብሮ ይገኛል። ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ በተቆራረጠ ድንጋይ ላይ የተዘረጋ የኒኬልና የአርሴኒክ ጭላንጭል ተከትለው የተደበቀ የኒኬል ሰልፋይድ ፍለጋ ያካሂዳሉ፤ እዚያ ፓላዲየምም ይከተላል። እና ናሙናውን ስትልኪ ወርቅ ብቻ ብለሽ አትጻፊ። ኒኬል፣ ኮባልት፣ አርሴኒክ፣ ፓላዲየም ጨምሪበት። ወጪው ሱፐርቫይዘርሽን ያስቆጣው ይሆናል። ይቆጣ።

—

ሰሜን ነፋስ፦

ጋሼ የድሮ መዶሻ፣ እጅዎ ይባረክ። እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም፣ ስዊድን የምኖር ሹፌር ነኝ፣ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ የምለው አለኝ!

ባለፈው ክረምት (የዚህ አገር በጋ ማለቴ ነው) ልጆቼን ይዤ ሎስ የሚባል መንደር ሄድኩ። የድሮ የኮባልት ጉድጓድ አለ፣ ለጎብኚ ክፍት ነው። ቆብ አስለብሰው ያስገቡሃል፣ ውስጡ ይበርዳል፣ ውኃ ይንጠባጠባል። ትንሹ ልጄ ፈርቶ እጄን አልለቅ አለ። አስጎብኚዋ እንደነገረችን አክሴል ፍሬድሪክ ክሮንስቴት የሚባል ሰው በ1751 ከዚህ ጉድጓድ በወጣ ድንጋይ ላይ ሲሠራ ኮባልትም መዳብም ያልሆነ ነጭ ብረት አገኘ። በ1754 ኒኬል ብሎ ሰየመው።

ስሙን የወሰደው ከጀርመን ቆፋሪዎች ነው። እነሱ መዳብ የሚመስል ቀይ ድንጋይ ያገኛሉ፣ ያቀልጡታል፣ መዳብ የለም፣ ጢሱ ያሳምማቸዋል። ተንኮለኛ መንፈስ ድንጋዩን አስማት አደረገብን ብለው ኩፕፈርኒክል አሉት። መዳብ ያስመሰለ ሰይጣን እንደማለት። ጋሼ ኒኬሊን ያሉት ያ ሮዝ ድንጋይ ነው መሰለኝ? ኮባልትም ስሙ ከዚያው ከመንፈስ ነው የመጣው።

እኔ ስሰማ ሳቅኩ። እኛ ጋ ቢሆን ዛር አለበት ብለን ቡና እናፈላለት ነበር።

—

የድሮ መዶሻ፦

አዎ ራሱ ነው። ሰይጣኑም አርሴኒኩ ነበር፣ ምስኪኖቹ አላወቁትም እንጂ። ገርስዶርፋይትም ሎስ ውስጥ አለ። ስሙ ግን ከኦስትሪያ ነው፣ ሽላድሚንግ የኒኬል ጉድጓድ ከነበረው ሰውዬ።

—

ቤተ ሙከራ፦

ሁላችሁም ስለ ጂኦሎጂው አወራችሁ፣ ስለ ጤና ግን አንድ ሰው አልተነፈሰም። አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ናሙና የሚያዘጋጁትን ልጆች ሳል በየቀኑ እሰማለሁ።

እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን እንደገና ለማሽተት ብለሽ አትምቺው። አንዴ በቂ ነው። ከካምፕ እሳት ጋ ወስዳችሁ እንዳታሞቁት ደግሞ፤ «እስኪ ሲቃጠል እንየው» የሚል ሰው አይጠፋም። ኮሩን የሚቆርጠው መጋዝ ውኃ እየፈሰሰበት ይሁን፣ በደረቁ አይሁን። ካምፕ ውስጥ እንጀራ በእጅ ነው የምንበላው፤ ከሳጥን ተነስታችሁ ቀጥታ ወደ ትሪ አትሂዱ፣ በሳሙና ታጠቡ። የመጋዙን ጭቃ ወንዝ አጠገብ አትድፉት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ልክ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከምስር ያነሰ ገርስዶርፋይት ውስጥ ያለው አርሴኒክ ለስንት በርሜል እንደሚበቃ አስሉት።

ስለ አረንጓዴው ዱቄት፦ አሲድ ጠብ አድርጋችሁ ካልፈላ ማላካይት አይደለም ትሉ ይሆናል። ተጠንቀቁ፣ ሥሩ ያለው ካርቦኔት ሊያሳስታችሁ ይችላል። ማግኔዛይት ቀዝቃዛ አሲድ ላይ ዝም ይላል፣ በተለይ ዱቄት ሆኖ ካሞቃችሁት ግን ይፈላል። ዱቄቱን ለብቻ ጫሩትና ላኩልን። ዳይሜቲልግላዮክሲም የሚባል የኒኬል መለያ ኬሚካል አለን፤ ኒኬል ካለ እንደ እንጆሪ ይቀላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እዚያው ካምፕ ውስጥ አሲድና ዚንክ ቀላቅሎ የአርሴኒክ ሙከራ እሠራለሁ የሚል ጀግና ካለ አስቁሙት። የሚወጣው ጋዝ አርሲን ነው፣ ይገድላል።

ፍሬውን ለመለየት ግን ከኬሚካል ይልቅ የተወለወለ ናሙና ይሻላችኋል። ድንጋዩ ተቆርጦ እንደ መስታወት ይወለወልና ብርሃን ከላይ በሚያበራ ማይክሮስኮፕ ይታያል።

—

የማታ ሪግ፦

እሺ፣ ፔንትላንዳይት አይደለም። ተሸነፍኩ። ግን ጥያቄ አለኝ፤ ፔንትላንዳይት መጀመሪያ ኖሮ አርሴኒክ መጥቶ በልቶትስ ቢሆን?

—

የድሮ መዶሻ፦

አሁን ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ። ይሆናል፣ ይታያልም። አርሴኒክ የያዘ ፈሳሽ ፔንትላንዳይትን ሲያገኝ ኒኬሉን ወስዶ ገርስዶርፋይት ይሠራል፣ ብረቱ ፒሮታይት ሆኖ አጠገቡ ይቀራል። ስለዚህ የተወለወለው ላይ ፒሮታይት አብሮ ካለ አንተ ልክ ልትሆን ትችላለህ። ማግኔት አስጠጉበት፣ ግን ማግኔታይትም ስለሚስብ በሱ ብቻ አትፍረዱ። ልጄ፣ ናሙናውን ላኪና ውጤቱን ንገሪን።

—

ሳጥን 41፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሁለት ቁራጭ ልኬ ነበር፣ ትናንት ፎቶው መጣ።

ጋሼ፣ መሃሉ ሮዝ ነው! ፎቶውን ስከፍት ብቻዬን ድንኳን ውስጥ ጮህኩ፣ ጠባቂው እባብ መስሎት ሮጦ መጣ። ትልቁ ፍሬ መሃሉ ኒኬሊን ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ገርስዶርፋይት ከቦታል። ድንበሩ እንደ ምላጭ የተቆረጠ ነው፣ ገርስዶርፋይቱ ውስጥ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ዳቦ ይመስላል። ትንንሾቹ ፍሬዎች ሙሉ በሙሉ ገርስዶርፋይት ሆነዋል፣ ሮዙ ተበልቶ አልቋል። ሚለራይቱም አለ፤ ቀጭን የማግኔዛይት ሥር ውስጥ ሰባት ስምንት ቢጫ መርፌ። እሱ ሁሉንም አቋርጦ ስለሚያልፍ የመጨረሻው ነው ብዬ ጻፍኩ። ፒሮታይት ግን አላየንም፣ ስለዚህ የማታ ሪግ ወንድሜ፣ በዚህ ናሙና አልሆነልህም።

አረንጓዴው ዱቄት ቀላ። ቤተ ሙከራ፣ አመሰግናለሁ። እጃችንን እየታጠብን ነው። ወጥ ቤት የምትሠራው እትዬ እንኳን ሳሙና ሳታይ ትሪ አታቀርብም።

ግን እናንተ ያልነገራችሁኝን አንድ ነገር እኔ ልንገራችሁ። ሁለተኛውን ቁራጭ የላክሁት ከላይ ከሺስቱ ነበር፣ 111 ሜትር ላይ፣ ከድንበሩ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ። እዚያም ብርማ ፍሬ አለ፣ በዓይን ከታችኛው አይለይም። እሱ እውነተኛ አርሴኖፓይራይት ነው። ኒኬል የለበትም። ሦስት ሜትር ልዩነት ነው! ያው አርሴኒክ እዚህ ብረት አገባ፣ እዚያ ኒኬል አገባ። እኔ ሁለቱንም ባንድ ስም ነበር የጻፍኳቸው፣ ቀለማቸው አንድ ነው ብዬ።

ሱፐርቫይዘሬ ፎቶውን አየው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «በሌሎቹ ጉድጓዶች ድንበሩ ላይ አርሴኖፓይራይት ያልሽው ስንት ቦታ ነው?» አለኝ። አሥራ አንድ ቦታ አልኩት። ሁሉንም እንደገና አዪው ተባልኩ። ፓላዲየሙንም ፈርሟል፣ ትንሽ ተቆጥቶ።

አሁን ዝናብ ነው፣ ሳጥኖቹ መጋዘኑ ውስጥ ከታች ናቸው የተደረደሩት፣ ከላያቸው ስልሳ ሳጥን አለ። ነገ ጠዋት ሁለት ልጆች ይዤ ማንሳት እጀምራለሁ። ወገቤን ጸልዩልኝ።